ሁለቴ የገባ ጨው

መጋቢት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.
ልደታ፣ ጠመንጃ ያዥ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከርመሻል? ያ ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ያስቀምጥሻል? እናታችንስ ጾሙ እንዴት ይዟታል? ልጆቹስ? ወራቤ ዘንድሮ ሙቀቱ በርትቷል ሲሉ ሰምቼ ስለ እናንተ ሳስብ ነው የሰነበትኩት። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ባለቤቴም ደህና ነው። ሱቁ ይውላል፣ ቤቱ ያፈጥራል፣ መስጊድ ደርሶ ይተኛል። በኔ ላይ ከመሳቅ በቀር ሌላ ጥፋት የለበትም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። ያንቺን ስልክ የሚያነሳው ባልሽ ነው፤ ሲያነሳም ድምፁን ከፍ አድርጎ ለቤተሰቡ በሙሉ ያሰማዋል። የኛ ግድግዳ ደግሞ ጭቃ ነው። እኔ እዚህ ሳስነጥስ ከወዲያ ዕፀገነት ይማርሽ ትለኛለች። ላወራሽ የፈለግኩት የራሷን የዕፀገነትን ነገር ስለሆነ እንዴት አድርጌ በስልክ አወራዋለሁ? የአጎታችን ልጅ አብዱልሰላም ነገ ወደ እናንተ ስለሚመጣ በሱ እጅ ልኬልሻለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

እህቴ፣ ቆሽቴ አሯል። በምን ብትዪ፣ በሶስ።

ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ዶሮና ሥጋ በከሰል የሚጠብሱትን ሐጂ አብዱልወሃብን ታስታውሺያቸዋለሽ፣ ለሠርጌ በግ የላኩትን። ጥብሱ ላይ የሚቀባ ባርቤኪው ሶስ የሚባል ነገር አለ፤ ቀላ ብሎ የሚወፍር፣ የሚጣፍጥም የሚያቃጥልም። ከውጭ በጠርሙስ የሚመጣውን ነበር የሚጠቀሙት። እሱ አንዴ ሲገኝ አንዴ ሲጠፋ ተቸገሩና ለባለቤቴ ለበከር አዋዩት። ባሌ ደግሞ ሰው ፊት ሲቆም ሚስቱ የማትችለው ነገር የለም። ሚስቴ ቤት ውስጥ ትሠራዋለች አላቸው። እኔን ሳይጠይቀኝ! ማታ መጥቶ ሲነግረኝ ሶሱን በዓይኔም አይቼው አላውቅም ነበር።

ብቻዬን እንደማልወጣው ስለገባኝ ዕፀገነትን ጠራኋት። ታውቂያታለሽ። ሁለተኛውን ጊዜ ሆስፒታል ተኝቼ አንቺ ስታስታምሚኝ፣ ጠዋት ጠዋት አጥሚት በፔርሙስ ይዛ የምትመጣው ረጅሟ ጎረቤቴ ናት። ግድግዳም ማድ ቤትም እንጋራለን። ሽሮና በርበሬ እያዘጋጀች ለተክለ ሃይማኖት ሴቶች ትሸጣለች፤ ሁለት ሴት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ባልትናዋ ነው። እሷ እጇን ያገባችበት ነገር አይበላሽም ብዬ ነበር።

መጀመሪያ ከስልክ ላይ አንድ ፈረንጅ ሲሠራ አየን። ሰውዬው ቡናማ ስኳር ይላል፣ ስሙን የማልጠራው ጥቁር ውኃ ይጨምራል፣ በመጨረሻ ከትንሽ ጠርሙስ ጭስ ያንጠባጥባል። ጭስ በጠርሙስ ይሸጣል ብልሽ ታምኚኛለሽ? ዕፀገነት ስልኩን አስቀምጪው፣ ይሄ ሰው እየቀለደብን ነው አለችኝ። ከዚያ በራሳችን ገባንበት። ሽንኩርቱን አድቅቀን፣ ሳልሳውን ጨምረን፣ በአቼቶ ለውሰን፣ ማር፣ ሰናፍጭ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ከሷም በርበሬ ጨመርንበት። የመጀመሪያው ለልጅ የሚሰጥ ሽሮፕ መሰለ። በሁለተኛው ስኳሩን እናንጨርጭር ብለን ድስቱን አሳረርነው። ሦስተኛው ወጥ ሆነ፤ ምንም ብታደርጊው ወጥ እንጂ ሶስ አልሆን አለ። ሽንኩርት በመላጥ ዓይኔ አብጦ ሱቅ ስሄድ ምን ሆነሽ ነው እስኪሉኝ ሰው አስደነገጥኩ። መጨረሻ ላይ እናታችን የወተት ዕቃ እንደምታጥነው ድስቱን በወይራ አጥኜ ባበስልበት መልክ ያዘ። ሐጂ ቀምሰው፣ ደግመው ቀመሱ። በዚያው ሥራ ሆነ።

ድስቱ አዲስ ነው። የሷ ድስት የሷን ሥጋ ነክቷል፣ የኔም የኔን። ስለዚህ የማናችንንም ሥጋ ያላየ ድስት በጋራ ገዛን። ሶሱ ሥጋ የለው፣ ቅቤ የለው፣ ለሷም ጾም ይሆናል፣ ለሐጂም ደንበኞች ይሆናል። እዚህ ድረስ ያለው ሁሉ ሰላም ነበር።

መከራ ያመጣብን መቅመስ ነው። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገቡ። እሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አትቀምስም፤ የኔም ቤት ረመዳን ነው። ማድ ቤታችን ውስጥ ጠዋት ምላስ የሚባል ነገር የለም። ወጥ ቢሆን ግድ አልነበረንም። ወጥ ጠባዩ ይታወቃል፣ ጨዉንም እጅ ያውቀዋል። ይሄ ሶስ ግን ለማንኛችንም እጅ እንግዳ ነው፤ ስኳሩ ጨዉን ይደብቃል፣ አቼቶው ስኳሩን ይደብቃል። በምላስ ጫፍ ነካ አድርጎ መትፋት ይፈቀዳል የሚሉ አሉ። እናታችን ግን ምላስ የቀመሰውን ጉሮሮ ይጠይቃል ብላ አይደል ያሳደገችን?

ስለዚህ ሥርዓት አወጣን። ጠዋት አብረን እንሠራለን። ጨው የሷ ሥራ ነው፣ ሌላ ሰው አይነካውም። ከሰዓት ከልደታ ቅዳሴ ስትመለስ በዳቦ ቀምሳ የጎደለውን ታስተካክላለች። አንቺም የማትጾሚበት ሳምንት ሲመጣ ጠዋት ጠዋት ትቀምሺልናለሽ፣ ያኔ እናርፋለን ብላኝ ስቀን ነበር። ያን ሳምንት ስትጠብቅ ሰነበተች።

አሁን ጉዱን ስሚ። ሐጂ የሰፈሩን ነጋዴዎች ሊያስፈጥሩ ትልቅ ግብዣ ደገሱና ከወትሮው እጥፍ ሶስ አዘዙ። በዚያ ጠዋት ድስቱ ሲፈላ ውኃ መጣ። ውኃ ሲመጣ ግቢው እንዴት እንደሚሆን ታውቂያለሽ፤ ዕፀገነት ጀሪካኖቿን ይዛ ወደ ቧንቧው ሮጠች። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ሶሱ እየወፈረ ነው፤ ከወፈረ በኋላ ጨው አልሟሟ እንዳይል ፈራሁና፣ እስክትመጣ ከምጠብቅ ብዬ ጨመርኩ። ስትመጣ ልነግራት ነበር። ወዲያው የአቼቶው እንፋሎት ፊቴ ላይ ሲወጣ ሆዴ ታወከና አፌን ይዤ ወደ ግቢው ጀርባ ሮጥኩ። ተጣጥቤ፣ ትንፋሼን ሰብስቤ ስመለስ ዕፀገነት ድስቱን ከድና ቆማለች። የት ሄደሽ ነው አለችኝ። ስልክ ተደውሎልኝ አልኳት። አንድ ውሸት ስትናገሪ አንድ እውነት ከራስሽ ላይ ይበራል። ስለ ጨዉ መንገሬን ጭራሽ ረሳሁት። እሷ ለካ የራሷን ጨው ጨምራ ነው የከደነችው።

አሁንም መዳኛ ነበረን፤ ከሰዓት ትቀምሰው ነበር። ግን በዘጠኝ ተኩል ይመጣል የተባለው የሐጂ አስተናጋጅ በሰባት ሰዓት መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። መንገድ ሊዘጋ ነው፣ አሁኑኑ ስጡኝ ይላል። ዕፀገነት ቤተ ክርስቲያን ናት። ቆይ ያላልኩት እንዳይመስልሽ፣ ብዬዋለሁ። አይሆንም አለ። ጢሙ ላይ ሽበት የወጣ፣ ጾመኛ፣ ምራቁን እንኳን የማይውጥ ሰው ፊቴ ተገትሮ እኔ ምን ላድርግ? ሳይቀመስ ቀድቼ ሰጠሁት።

በማግስቱ ሐጂ ራሳቸው መጡ። የሳቸውን አመጣጥ ታውቂያለሽ። የሁላችንንም ጤና ጠየቁ፣ የዕፀገነትን ልጆች ትምህርት ጠየቁ፣ እናቴን እንኳን አልረሱም። ከዚያ ቀስ ብለው፣ እህቶቼ፣ ትናንት ማታ ውኃ ሻጭ አደረጋችሁኝ አሉ። እንግዳው ሁሉ ዶሮውን ትቶ ውኃ ነው ያለው። ደም ግፊት ያለባቸው አንድ ትልቅ ሰው ሳህኑን ገፋ አድርገው ተነሱ አሉን። ቃል ሳይወጣቸው፣ የዒዱም ሶስ እንደዚህ ከሆነ ወደ ጠርሙሱ እመለሳለሁ የሚለውን በዓይናቸው ነገሩን።

እኔ አፌን ሳልከፍት ዕፀገነት ቀደመችኝ። ጨው የኔ ሥራ ነው፣ ጥፋቱም የኔ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ አለቻቸው። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ወሬ ደግሞ በተክለ ሃይማኖት ከባቡር ይፈጥናል። ሽሮ የሚያዟት ሴቶች በቀልድ አስመስለው ጨው እንዳታበዢብን ይሏት ጀመር። አንዷማ ያዘዘችውን በርበሬ ለጊዜው ይቆይልኝ ብላ ላከችባት። እህቴ፣ ይህች ሴት ከእጇ ሌላ ምን አላት? ቀለል አድርገሽ አትዪው። ሌሎች በትምህርት ማስረጃ ይታመናሉ፣ እሷ በእጇ ነው የምትታመነው።

ሞኝ አይደለችም። የጨው ዕቃውን ከፍታ አየች። ከዚያ መጥታ፣ ያን ቀን ጨው ነክተሽ ነበር ወይ አለችኝ። እኔ ምን ብላት ጥሩ ነው? ጨው የማን ሥራ ነው ብዬ ጮህኩባት። ለምን እንደጮህኩ ለራሴም አልገባኝም። ኧረ ገብቶኛል። ነክቻለሁ ካልኩ ለምን አልነገርሽኝም ትላለች። ለምን እንዳልነገርኳት ካስረዳሁ ደግሞ የት ሄጄ እንደነበር ልናገር ነው።

ከዚያ ወዲህ አኮረፈችኝ። ኩርፊያ ቢሆን እንኳን በተሻለኝ፤ አከበረችኝ። ከዚያ ማዶ ሆና በጩኸት የምትጠራኝ ሴት እንደምን አደሩ ልትለኝ ምንም አልቀራት። እሳት እንኳን ስትፈልግ ከኔ አልጠየቀችም። ግድግዳው ጭቃ ነው ብዬሽ የለ? ልጆቿን ስትቆጣ እሰማለሁ፣ ብቻዋን ስታጉረመርም እሰማለሁ፣ እኔ ሳስነጥስ ግን ዝም።

በከርን ምን ላድርግ ብዬ ብጠይቀው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ንገሪያትና ይውጣልሽ አለኝ። ለሱ ቀላል ነው። እንዲህ ያለውን ነገር አስቀድሞ ማውራት ምን እንዳመጣብኝ አንቺ ታውቂያለሽ። ባለፈው ሰፈሩ ሁሉ ከኔ ጋር ደስ አለው፣ ከዚያ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ከኔ ጋር አለቀሰ። የማላውቃት ሴት ቧንቧ ጋ አቅፋኝ እግዜር ይተካልሽ ብላኝ ነበር። እሱን አይዞህ ብለውት አለፉ። እኔን ግን ለወራት ሆዴን እያዩ ነው ሰላም ያሉኝ። በዚህኛው ለማንም ትንፍሽ አልልም ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር። ለአንቺም ጭምር።

እና ዛሬ ጠዋት የዒዱን ሶስ ልንሠራ ገባን። የመጨረሻው ዕድላችን ነው። እሷ ሽንኩርቷን እኔ ሳልሳዬን፤ ሁለት የማይተዋወቁ ሴቶች ይመስል ማንኪያ አቀብዪኝ፣ እሺ፣ ይኸው፣ በቃ። ሶሱ ሲወፍር ጨዉን በእጇ ዘግና ድስቱ አጠገብ ቆመች። ቆመች፣ አልጨመረችም። ያችን ሴት ጨው ይዛ ስታመነታ አይቻት አላውቅም ነበር።

ሳታየኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀችኝ። ያን ቀን ጨምረሽ እንደሆነ ንገሪኝ አለች። ላሳጣሽ ብዬ አይደለም፣ ለሐጂም አልናገርም፤ እጄን ልመነው ወይስ አልመነው የሚለውን ብቻ ልወቅ አለችኝ።

አዎ፣ አንቺ ውኃ ልትቀጂ ስትሄጂ ጨምሬያለሁ አልኳት። እጅሽ ደህና ነው አልኳት።

ጨዉን መልሳ ዕቃው ውስጥ አራገፈችና ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም አለች። የት ነበርሽ? ምን አድርጌሽ ነው የደበቅሽኝ? እህቴ፣ አንድ ወር ሙሉ ይህችን ሴት ልነግራት አፌን ስከፍት አፌ ተመልሶ ይዘጋል። ዛሬም አልከፈት አለኝ። ማንኪያውን አነሳሁ። ከድስቱ ጨለፍኩ፣ እፍ እፍ አልኩት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በረመዳን፣ ፊት ለፊቷ ቆሜ ቀመስኩት። ዋጥኩትም።

መጀመሪያ ያየችው በሩን ነው። ተራምዳ ዘጋችው፤ ማንም እንዳያየኝ መሆኑ ነው። ከዚያ ዞራ ፊቴን አየችው።

ጨው ያንሰዋል አልኳት።

የጨዉን ዕቃ አነሳችና ለኔ ሰጠችኝ። ቆንጠር አድርጌ ጨመርኩ፣ ደግሜ ቀመስኩ፣ በቃው አልኳት። ላወርደው ድስቱን በሁለት ጆሮው ስይዝ እጄን ገፋ አደረገችው። ከእንግዲህ ድስት አታነሺም አለችኝ። ጀሪካንም አታነሺም። አቼቶ እኔ ስጨምር አንቺ ውጭ ትቆያለሽ። ድስቱን ብቻዋን አወረደችው፤ ከዚያ ወደ ጥግ ዞራ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። ሽንኩርት ነው እንዳልላት ሽንኩርቱ ካለቀ ቆይቷል።

ለሐጂ ራሴ ደወልኩላቸው። የዚያን ቀን ጨው የኔ ጥፋት ነበር፣ ዕፀገነት የለችበትም፣ ሽሮ ለሚያዟት ሴቶችም ይህንኑ ይንገሩልኝ አልኳቸው። ውኃ መሸጡን እኮ ለምጄው ነበር ብለው ሳቁ። በርበሬውን ይቆይልኝ ያለችውም ሴት ለካ የእህታቸው ልጅ ናት፤ ዛሬውኑ እልካታለሁ አሉኝ።

ተገላገልኩ ብለሽ እንዳትደሰቺ። አሁን ደግሞ ሌላ መከራ ጀመረኝ። ይህን እየጻፍኩልሽ እንኳን ሁለት ጊዜ በሩን አንኳኩታለች። አንዴ ተጋደሚ ልትለኝ፣ አንዴ ሰው እንዳያይ በጋቢ ሸፍና ገንፎ ልታቀብለኝ። ለራሷ በጾም ሆዷ እኔን ታበላለች። ስወጣ ቀስ፣ ስገባ ቀስ። በዚህ አያያዟ ሰፈሩ በሳምንት ውስጥ ይነቃብኛል፤ በምን እንደማስተዋት አላውቅም። ነገ ቅዳሴ ቀደም ብላ ትሄዳለች፣ ለልደታ የምትነግራት ነገር አላት አሉ። ምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

በይ እህቴ፣ ወረቀቱም አለቀ፣ ማፍጠሪያውም ደረሰ። ለባልሽና ለልጆቹ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ጌታ ጾማችሁን ይቀበላችሁ፣ ዒዱን በጤና በደስታ ያድርሳችሁ፣ እናታችንን ያቆይልን፣ ለኔም ዱዓ አድርጊልኝ፤ ዘንድሮ ከምንጊዜውም ይበልጥ አድርጊልኝ። ጨዉ መብዛቱን ለእናታችን ንገሪያት፣ ትስቃለች። መቅመሴን ግን እስከ ዓረፋ ድረስ አንቺው ያዢልኝ።

የምትናፍቅሽ ታናሽ እህትሽ፣
ከልደታ